አዲስ ዘይት የሚሰማው ሰው

ሰው አንድ ነገር ይሻለኛል ብሎ ካደረገ በኋላ አለመሻሉን ለማመን የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል የሚረዝም ጊዜ ያለ አይመስለኝም። መነጽር ያሠራ አንድ ባልደረባዬ ፊደሉ እንደ ድሮው ሲደበዝዝበት ለአንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ጥፋቱን በመጽሐፉ ኅትመት ላይ ሲያሳብብ ኖሯል። በሱ ስስቅ የነበርኩት እኔ ግን ከሱ የባስኩ ነበርኩ። የኔ መነጽር የሞተር ዘይት ነበር።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነበር። የክልሉ ስም ተለውጧል፤ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተለውጧል፤ አንደኛ ደረጃ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቋንቋ ተለውጧል፤ እኛም መምህራኑ የሐሜት ሰዓታችንን “ግምገማ” ብለን ሰይመን በአጀንዳ ማካሄድ ጀምረናል። ይህ ሁሉ ሲለወጥ እኔ ዘይት ብለውጥ ምን ይገርማል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሐኪም የገዛኋት ነጭ ቮልስ ነበረችኝ። ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቴ እንዲከብድ ነው። ተማሪዎቼን በየቀኑ “ያልለካችሁትን አትናገሩ” እላለሁ። ከክፍል ወጥቼ መሪ ስጨብጥ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ዘይት በተቀየረ ማግስት ባለቤቴን ማርታን አጠገቤ አስቀምጬ በከተማው አንድ ዙር እነዳና፣ “ድምፅዋ አልለሰለሰም? ማርሽ ስትቀበል አልቀለላትም?” እላታለሁ። ማርታ “አዎ” ትለኛለች። ከዐሥር ዓመት ትዳር በኋላ “አዎ” ማለት ከማድመጥ ይቀልላል።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ቤሌ በምትባል ከተማ ጤና ረዳት ነው። ተበላ ከተማ የምታስተምር አስቴር የምትባል ልጅ ወዶ፣ እሷም ወድዳው፣ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ሆነ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ነገሩ በኔ ላይ ወደቀ። ብቻዬን እንዳልሄድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አቶ ሳናን ለመንኳቸው። አቶ ሳና ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንድንሄድ ተስማማን።

ሽምግልና በቆሸሸ ዘይት አይኬድም ብዬ ዐርብ ከሰዓት ቮልሷን ወደ ሸምሱ ጋራዥ ወሰድኳት። ሸምሱ ስልጤ ነው፤ ሶዶ ተወልዶ ሶዶ ያደገ፣ ወላይትኛው ከኔ የሚሻል መካኒክ። ከዘመዱ ሱቅ የገዛሁትን ዘይት በጣሳው አስረከብኩትና፣ “ነገ በጠዋት ልወስዳት ነው” አልኩት።

“ሠርቼ ቁልፉን ለዘበኛው እተውልሃለሁ፣ መምህር” አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ሸምሱ የለም። ዘበኛው ቁልፉን ሰጠኝ። ቮልሷ ታጥባ፣ ጎማዋ ተነፍቶ፣ እንደ ሙሽራ ቆማለች። አስነሳኋት። ወዲያው ልዩነቱ ተሰማኝ። ውሸት ይሁንብኝ፣ ተሰማኝ! ትናንት ስትነሳ እንደ አዛውንት የምታጉረመርመው ሞተር ዛሬ ዝማሬ የምትለማመድ መሰለች። አቶ ሳናን ከቤታቸው ደጃፍ አንሥቼ ቁልቁል ወደ ተበላ ጀመርን።

ከሶዶ ተበላ ለሚወርድ ሰው መንገዱ ራሱ ይነዳዋል። የዳሞታን ተራራ ከጀርባ ትቶ ወደ ሙቀቱ መንሸራተት ነው። እኔ ግን ምስጋናውን ለመንገዱ አልሰጠሁም።

“ይሰማዎታል፣ ጋሼ?” አልኳቸው። “ትናንት ማታ ዘይት ተቀይሮላት ነው። አዲስ ዘይት ማለት ለሞተር አዲስ ደም ማለት ነው።”

አቶ ሳና መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። “መለኪያውን አውጥተህ አየኸው?”

“ምን ማየት ያስፈልጋል? እየተሰማኝ!”

“እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ” አሉ ረጋ ብለው። “ዘይት ጥሩ ነው። በጊዜው ካልቀየርከው ሞተር ይበላል። ግን ዛሬ ቀይረኸው ዛሬ የሚሰማህ ነገር ብዙ አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሳይበላሽ ሲቀር ነው። ሳይበላሽ የቀረ ነገር ደግሞ ድምፅ የለውም።”

ይህን የመሰለ ቃል ከአንድ ሊቅ አፍ ቢወጣ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ከጡረተኛ ሾፌር ስለወጣ ግን አዘንኩላቸው። ጆሯቸው ደክሟል አልኩ በልቤ። የጭነት መኪና ጩኸት ሠላሳ ዓመት የደበደበው ጆሮ የኔን ቮልስ ረቂቅ ዜማ እንዴት ይለየው?

የአስቴር አባት አቶ ዘለቀ በተበላ ገበያ ዳር የእህል ወፍጮ አላቸው። ቤታቸው ከወፍጮው ጀርባ ነው። በክብር ተቀበሉን። ቦዬ የተባለው የሥር ተክል ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ቀረበ፤ በቅመም የተፈላው የቡና ቅጠል፣ ሃይታ ቱኬው፣ ቀረበ። አቶ ሳና እንደ ወጉ ነገሩን ከፈቱ። ከዚያ ስለ ልጁ የመናገር ተራ የኔ ሆነ።

ስለ ታደሰ የተናገርኩትን ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ትዕግሥተኛ ነው አልኩ። ቁጣ አያውቅም አልኩ። ቀጠሮ አክባሪ ነው፣ ማልዶ ተነሺ ነው፣ ለቤቱ አሳቢ ነው አልኩ፤ ቤት ኖሮት የማያውቀውን ሰው። አቶ ዘለቀ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ስለ ልጁ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ይልቅ ከጀርባችን የሚያጓራውን ወፍጮ አዳመጡና፣ “ይኸውላችሁ፣ ሰሞኑን ደክሞብኛል። እህል ሲገባበት ያቃስታል” አሉ፤ ነገር ለማስቀየስ ይመስለኛል።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

“ዘይት ነው!” አልኩ። “ምንም ጥርጥር የለውም። እኔ ራሴ ትናንት የመኪናዬን አስቀየርኩ፤ ዛሬ መኪናዋን አላውቃትም። ይቀይሩት፤ በማግስቱ ያመሰግኑኛል።”

አቶ ሳና ጽዋቸውን አስቀምጠው ወለሉን አዩ። አቶ ዘለቀ ግን እኔን አዩ፤ ረዘም አድርገው። “የፊዚክስ መምህር ነህ አይደል?” አሉኝ። “ነኝ” አልኩ። “እንግዲያው ታውቃለህ” አሉ። ለሽምግልናው መልስ ሁለት ሳምንት ጠየቁ። ተመራርቀን ወጣን። ወደ ሶዶ ሽቅብ ስንመለስ ቮልሷ ትንሽ አቃሰተች፤ እሱን ለአቀበቱ ሰጠሁት። ሲወርድ ዘይቱ፣ ሲወጣ አቀበቱ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም የተባለው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ሸምሱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በር ላይ አስጠርቶኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

“አፉ በለኝ፣ መምህር። ዐርብ ማታ አጎቴ አረፈ ብለው መጡብኝና ወደ አገር ሄድኩ። ትናንት ነው የተመለስኩት።”

“ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናህ” አልኩት። “ግን አፉ የምልህ ለምኑ ነው? ሥራህ እንዴት ያማረ መሰለህ! ወፍ ሆናለች።”

ሸምሱ ግራ ተጋባ። “የቱ ሥራዬ? አሳጥቤ ጎማ እንዳስነፋሁ ነው የጠሩኝ። ዘይቱን አልቀየርኩትም እኮ። ጣሳውን ከፊት ኮፈን ሥር አስቀምጬ ለዘበኛው ንገረው ብዬ ነበር። አልነገረህም?”

አብረን ወደ መኪናዋ ሄድን። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከፊት ኮፈኗ ሥር ያለው ባዶ የዕቃ ቦታ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። ጣሳው ከትርፍ ጎማው አጠገብ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ማሸጊያው ሳይነካ ተቀምጧል። ተበላ ወርዷል፤ ከተበላ ተመልሷል። ዘይቱ መኪናዋ ውስጥ የለም ብዬ ሸምሱን መክሰስ እንኳ አልችልም፤ መኪናዋ ውስጥማ ነበር። ሞተሯ ውስጥ አልነበረም እንጂ።

ሸምሱ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። የሐዘን ሰው ስለሆነ መሳቅም አልቻለም፤ እኔ ደግሞ አፍሬ ስላልጨረስኩ መቆጣት አልቻልኩም። አሁን የሚቀጥለውን ስነግራችሁ አታምኑኝ ይሆናል። በዚያው ቀን ወደ ቤት ስነዳ ቮልሷ ታመመች። ቅዳሜ የዘመረችው ሞተር፣ ያው ሞተር፣ በዚያው አሮጌ ዘይት፣ ትስል ጀመር። ማርሽ ከበዳት። ቤት እስክደርስ አሳዘነችኝ።

ማታ እራት ላይ ለማርታ ነገርኳት። ሳቋን ጨርሳ ዕንባዋን ከጠረገች በኋላ፣ “በቃ ዝም በል” አለችኝ። “መልሱ የፊታችን ሳምንት ነው። ሰውየው ልጃቸውን ለመስጠት እሺ ይበሉ እንጂ ስለ ዘይት ማን ያስታውሳል?”

“እኚያ ሰው በኔ ቃል የወፍጯቸውን ዘይት ሊቀይሩ ነው እኮ።”

“ይቀይሩ፤ ዘይት መቀየር ጉዳት አለው?”

“የለውም።”

“ታዲያ ለዘይት ብለህ ታደሰን ሙሽራ ልታሳጣው ነው?”

አባባሏ ትክክል መሰለኝ። ግን እንቅልፌ አልተስማማም። የከነከነኝ ዘይቱ ብቻ አልነበረም። ስለ ዘይቱ የተናገርኩበትን ድምፅ አስታወስኩት፤ ስለ ታደሰ የተናገርኩበት ድምፅ ያው ነበር። ያው እርግጠኝነት፣ ያው “ምንም ጥርጥር የለውም”። በማግስቱ አቶ ሳና ዘንድ ሄጄ ጉዴን ዘረዘርኩና ማርታ ያለችውን ጨምሬ፣ “መቼም ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ይባላል” አልኳቸው።

“ያስታርቃል ይባላል” አሉ አቶ ሳና። “ዋሽቶ ያጋባል ሲባል ግን አልሰማሁም። የተጣሉ ሰዎች ውሸት መሆኑን እያወቁ ይቀበሉሃል፤ መታረቅ ስለፈለጉ ነው። ልጅቷ ግን በነገርካት ላይ ቤት ልትሠራበት ነው።”

በቀጠሯችን ዋዜማ ሸምሱ ዘይቱን ቀየረ። በዚህ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በዐይኔ አየሁ። አሮጌው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወረደ፤ ከኔ ጣሳ የወጣው አዲሱ እንደ ማር ጠርቶ ገባ። መለኪያውን እኔው አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አየሁ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር። ከዚያ አስነሣሁና ጆሮዬን ጣልኩ። ለሰሰ? ትንሽ ይመስላል። እንዳይመስለኝ ስፈራ ደግሞ ያው ይመስላል። በማግስቱ ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ግማሽ መንገድ ሄድን። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

“ዛሬ በእውነት ተቀይሯል፣ ጋሼ። ምን ይሰማዎታል?”

“የሚሰማኝማ” አሉ አቶ ሳና ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ “ወሬህ መቀነሱ ነው።”

ዕለቱ የተበላ ገበያ ነበር። ወፍጮው በር ላይ በቆሎ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሞተሩ ሲዞር ከሩቅ ይሰማል፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይዞራል። ልቤ ደስ ሊለው ዳዳና ገሠጽኩት። አቶ ዘለቀ ዱቄት የለበሰ ኮታቸውን እያራገፉ አስገቡን። ሚስታቸው ወይዘሮ ባሎቴ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀመጡ። አስቴር እንደ ወጉ አልታየችም፤ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ግን ጫማዋ ይታያል።

አቶ ሳና ሰላምታውን እንደጨረሱ፣ “መምህር አስቀድሞ የሚናገረው ነገር አለው” አሉ።

ተናገርኩ። ከሸምሱ ጀምሬ እስከ ጣሳው ሳልቀንስ ተናገርኩ። “ዘይቱ አልተቀየረም ነበር። ያልሆነውን ነገር ተሰማኝ ብዬ ነገርኩዎት። በኔ ቃል ወፍጮዎን አስቁመው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ከጀርባ የሚሰማው የወፍጮው ድምፅ እኔን የሚገመግመኝ መሰለኝ። ግለ ሂስ በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ አድርጌያለሁ። እዚያ ሁሉም የሚያውቀውን ጥፋት መርጠህ ታቀርባለህ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ትወጣለህ። አማች ልትሆነው የመጣህ ሰው ፊት ግን ሌላ ነው።

“ቀየርኩት” አሉ አቶ ዘለቀ። “ባለፈው የገበያ ቀን አስቁሜ ቀየርኩት። ያው ነው፤ ማቃሰቱን አልተወም። በኋላ ዞር ብዬ ሳየው ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጊያ ላልቷል። አጠበቅኩት፤ ተሻለው።” ወደኔ ዞሩ። “እውነቱን ልንገርህ፣ መምህር። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ ‘ሰውየው ስለማያውቀው ሞተር እንዲህ ከማለ፣ ስለ ወንድሙማ ምን ያላለው አለ?’ አልኳት። ዛሬ ይቅርብን ልላችሁ ነበር። ቀደምከኝ።”

አቶ ሳናን አየኋቸው፤ እሳቸው ወለሉን አዩ።

“አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉ አቶ ዘለቀ። “ስለ ልጁ ያኔ ብዙ ነግረኸናል። ከነገርከን ውስጥ ስንቱ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ስንቱ ጣሳው ውስጥ?”

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፈተና አውጥቼም ተፈትኜም አላውቅም። መጋረጃው ሥር ያለው ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። ውሃዬን ጠጣሁና ጀመርኩ።

“ቁጣ አያውቅም ያልኩት አይደለም። ይቆጣል። አይጮህም፤ ግን ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ማን ምን እንዳደረገው ለማወቅ ጠንቋይ ያስፈልጋል። ቀጠሮ አክባሪ ያልኩትም ጣሳው ውስጥ ነው፤ በገዛ ምረቃው ቀን ዘግይቶ ደርሷል። ማልዶ አይነሣም። ይልቅ ያንኮራፋል። ልጆች ሳለን አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው፤ እኔ ፊዚክስ ማጥናት የጀመርኩት እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው።”

ወይዘሮ ባሎቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ቀጠልኩ፤ አሁን መቆም አልቻልኩም።

“አንድ የማውቀው ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት አውቶቡስ አልገባ ሲል፣ አንዲት ወላድ ታማለች ብለው ከገጠር መጡበት። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ በጭቃው ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ፣ በቃሬዛ ከሚሸከሟት ሰዎች ጋር እየተቀያየረ ይዟት መጣ። ይህን እሱ አልነገረኝም። የነገረኝ የሴትዮዋ ባል ነው፤ ሶዶ መጥቶ፣ ቤቴን አጠያይቆ፣ ዶሮ ይዞልኝ መጣ፤ ዶሮው ለምን ለኔ እንደመጣ ስጠይቀው ‘እሱ እንቢ አለኝ’ አለኝ። ይኸኛው፣ አቶ ዘለቀ፣ ሞተሩ ውስጥ ነው።”

ስለ ወንድሜ ይህን ስናገር ድምፄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ አላውቅም። ባለፈው ያን ሁሉ ምግባር ስደረድርለት አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም ነበር። ለካ በፊቱም የሚያስፈልገው ይኸው አንዱ ነበር፤ እኔ ነኝ ታጥቦ፣ ጎማው ተነፍቶ እንዲቀርብ የፈለግኩት።

አቶ ዘለቀ ወደ ሚስታቸው ዞረው በወላይትኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ወይዘሮ ባሎቴ ወደ መጋረጃው አዩ። መጋረጃው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ግን ጫማው ወደ ኋላ አልተመለሰም። አቶ ዘለቀ ተነሥተው ቆሙ፤ እኛም ቆምን።

“ልጅ ሰጥተናችኋል” አሉ። “እንጸልይ።”

አቶ ሳና ጸለዩ። አጭር ጸሎት ነበር፤ እሳቸው ከእግዚአብሔርም ጋር ቃል ይቆጥባሉ።

ታደሰ በሳምንቱ ከቤሌ በአውቶቡስ መጣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ቅሬታውም አብሮት አለ። የተናገርኩት ሁሉ ከኔ ቀድሞ ደርሶታል። መዝጋቱን አልካደም። ማርፈዱንም አልካደም። አንድ ነገር ብቻ ሊዋጥለት አልቻለም።

“ማንኮራፋት ከየት አመጣህብኝ?” አለኝ። “እኔ አላንኮራፋም።”

“በምን አወቅህ?”

“ሰምቼው አላውቅም።”

ሠርጉ በጥቅምት ሆነ። ከሠርጉ ወር ያህል በኋላ አስቴር ሶዶ ለሥራ መጥታ ቤታችን አደረች። ማርታ ጓዳ ውስጥ ይዛት ገብታ፣ ሴት ሴትን እንደምትጠይቀው፣ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። እኔ ሳሎን ጋዜጣ የማነብ መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

“ደህና ነን፣ እትዬ” አለች አስቴር። “ሁሉም እንደተነገረን ነው። ማንኮራፋቱን ብቻ መምህር አሳንሰው ነው የነገሩን።”